ሃይማኖት ብለን የመለስነው ሰው

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜ መናደድ ለልብ አይበጅም ይላል ሐኪሜ፤ ሐኪሜ ግን ግርማ በቅርቡ በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤቴ መጥቶ ያለኝን አልሰማም። ግርማ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ የጎማ መደብር ያለው፣ የሰበካ ጉባኤያችን አባል የሆነ፣ ጾሙንም ምጽዋቱንም የማያጓድል ሰው ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ያመጣልኝን ማንጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያም ሴት ልጁ መክሊት፣ ሙቲንዳ የሚባል ከካምባ ጎሳ የሆነ ኬንያዊ ካላገባሁ እንዳለች ነገረኝ። ሙቲንዳ ኢምባካሲ አየር ማረፊያ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። አባቱ ስለ ሞተ፣ አጎቱ በቀጣዩ ሳምንት እሑድ በእኛ ወግ ሽማግሌ ሆኖ ሊመጣ ቀን ተይዟል።

«እንኳን ደስ አለህ» አልሁት።

«ጋሼ ተክሌ፣ አይቀልዱብኝ እንጂ። ልጄን ለጥቁር ልስጥ?»

ይህን ሲናገር ጉልበቱ ላይ ያረፈውን እጁን አየሁት። የግርማ እጅ ከእኔ እጅ ይጠቁራል፤ የእኔም እጅ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ከሚቀመጡት ናይሮቢዎች ከብዙዎቹ እጅ ይጠቁራል። ይህን ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምሁት። አፌን መግጠም የቆየ ልማዴ ነው።

«ታዲያ ከእኔ ምን ፈለግህ?»

«ሃይማኖት እንዳልል ልጁ እጠመቃለሁ ብሏል። ትምህርቱን ከጀመረ ስድስት ወሩ። መክሊት ለቅዳሴ ስታረፍድ እሱ ቀድሞ መጥቶ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ጉድ እኮ ነው!» አነጋገሩ እንደ ተበደለ ሰው ነበር። «እርስዎ መጽሐፍ ያውቃሉ። ሌላ ቀኖና ይፈልጉልን። ያኔ በእኅቴ በጸዳለ ጊዜ ለዚያ ለሉዎው ሰውዬ መልስ እንዳገኙለት።»

እሑድ እመጣለሁ አልሁት። ምን እንደምናገር አልጠየቀኝም፤ እርግጠኛ ነበር። ሲወጣ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «እርስዎ ባይኖሩ ያን ጊዜ ቤታችን ይፈርስ ነበር» አለኝ። ያናደደኝ ይህ ምስጋናው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም የማያስታውሰው መስሎኝ የደበቅሁት ክፋት፣ ለካስ በእነዚያ ሰዎች ቤት እንደ ሙያ ሲወሳልኝ ኖሯል።

ያ ዘመን አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ፣ እዚህም ሰዉ አደባባይ እየወጣ ሌላ ዓይነት አስተዳደር የሚጠይቅበት ሰሞን ነበር። ዓመቱን መቁጠር አልሻም። ያኔ የምኖረው ፓርክላንድስ ሰፈር፣ ከአንድ የሕንድ ቤተሰብ ትልቅ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት በመስኮቴ የሚገባው ጠረን ከማዕዘኑ ሱቅ በዘይት የሚጠበስ፣ በስኳር የሚነከር ጣፋጭ ጠረን ነበር፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ በየመንገዱ ዳር በከሰል የሚጠበስ በቆሎ። በቆሎው ሎሚና በርበሬ ይታሽበታል፤ አንዱ በሁለት ሽልንግ ነበር፣ ዛሬ በዚያ ገንዘብ ቅጠሉንም አይሰጡህም። የጃካራንዳ ዛፎች ሲያብቡ አስፋልቱ ሐምራዊ ሆኖ ይሰነብታል፤ ሰው ጫማው ሥር አበባው ሲፈነዳ እየሰማ ይሄዳል። ዛሬ በዚያ መንገድ የቆሙት ባለ መስተዋት ሕንፃዎች ናቸው፤ ሕንዳዊው ጣፋጭ ጠባሽም ልጆቹ ወዳሉበት አገር ሄዷል። ያኔ ወደ ከተማ የሚወርደው ማታቱ በሩን እንደ ከበሮ በሚደበድብ ወጣት ረዳት ይመራ ነበር፤ ውስጡ ከኮንጎና ከምዕራቡ ሐይቅ ዳር የመጡ የጊታር ዘፈኖች እስከ ጣሪያው ይሞሉታል፤ እኔ ኮሌታዬን ቆልፌ፣ ክራቫቴን አጥብቄ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዘፈኑን እንደማልሰማ ሆኜ እሄድ ነበር።

እንደማልሰማ መሆን ያኔ የሁላችንም አኗኗር ነበር። ይህን አገር እየኖርንበት አንኖርበትም። ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ዛፍ ሥር ቆመን ስናወጋ የአገሩን ሰው «ጥቁሮቹ» እንለዋለን። «ጥቁሮቹ ቀጠሮ አያከብሩም። ከጥቁሮቹ ጋር ሥራ ስትጀምር ወረቀት አስፈርም።» ማንም ቀና ብሎ የተናጋሪውን ፊት አያይም። የራሳችን ፊደል፣ የራሳችን አቆጣጠር፣ ቅኝ ያልተገዛ መንግሥት አለን፤ ስለዚህ ቆዳችን ሌላ ነገር ነው። ይህን ካስተማሩት አንዱ እኔ ነበርሁ። የብራና መጻሕፍት ተመራማሪ ነኝ። እሑድ እሑድ ለወጣቶች ስለ ታሪካችን ንግግር ሳደርግ ከአፍሪካ ነጥዬ፣ ባሕሩን አሻግሬ፣ ከሩቅ ነገሥታት ጋር አዛምጄ አስቀምጣቸው ነበር፤ እነሱም ደረታቸው ተነፍቶ ይወጣሉ።

ኦዲያምቦ ያኔ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ሁለታችንም በአንዲት የግል ኮሌጅ ታሪክ እናስተምራለን፤ ቢሮአችን አንድ፣ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት። ከምዕራብ ኬንያ፣ ኪሱሙ አካባቢ፣ ከሐይቁ ዳር የመጣ የሉዎ ጎሳ ሰው ነው። ቡናማ፣ እጅጌው አጭር የሳፋሪ ሱፍ ይለብሳል፤ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ጫማውን በየማለዳው ከፖስታ ቤቱ ማዕዘን ያስጠርጋል። ከጠረጴዛው በላይ ከጋዜጣ የቆረጠውን የአንድ አሜሪካዊ የጥቁሮች መብት ታጋይ ፎቶ ለጥፏል፤ በመሳቢያው ውስጥም የዚያን ሰው ንግግሮች የያዙ የቴፕ ካሴቶች ነበሩት። የሰውየውን ስም ሆነ ብዬ አልጽፈውም፤ ስሙ በተነሣ ቁጥር ሰው ስለ እርሱ መከራከር ይጀምርና ስለ ራሱ ማሰብ ያቆማል። ለአንዳንዱ የጥላቻ ሰባኪ ነው፣ ለአንዳንዱ ሰማዕት። እኔ የመጀመሪያዎቹ ወገን ነበርሁ።

«ይህ ሰው መቼ ነው የሚወርደው?» እለው ነበር ፎቶውን እያሳየሁ።

«አንተ ቀና ብለህ ያየኸው ዕለት፣ ፕሮፌሰር» ይለኛል። ፕሮፌሰር አልነበርሁም፤ እርሱ ሊያበሽቀኝ ነው። «ለመሆኑ አሜሪካ ብትሄድ ፖሊሱ ሲያስቆምህ ግዕዝ ታነብለታለህ?»

እስቅ ነበር። ቀልድ መስሎኝ።

ጸዳለ የግርማ ታላቅ እኅት ናት። ከተማ ውስጥ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ታይፒስት ነበረች፤ ወገቡ የጠበበ አረንጓዴ ቀሚስና ነጭ ሹራብ ነበራት፣ በዚያ ልብስ ነው ዛሬም የማያት። የኮሌጁን ፈተና በትርፍ ሰዓቷ እየጻፈች ታመጣልን ስለ ነበር ከኦዲያምቦ ጋር የተዋወቁት በእኔው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ሲግባቡ አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ። አንድ ቀን ኦዲያምቦ በሩን ዘጋና፣ ሱፉን አስተካክሎ፣ እንደ ተማሪ ፊቴ ቆመ።

«በእናንተ ዘንድ ወንዱ ራሱ አይጠይቅም አሉኝ። ሽማግሌ ይልካል። የማውቀው ሽማግሌ አንተ ብቻ ነህ።»

«ገና አርባ አምስቴ ነው፣ ምኑን ሸመገልሁ?»

«ስትናገር ግን ሁለት መቶ ዓመትህ ነው» አለኝ።

እምቢ ማለት ይቻለኝ ነበር። እምቢ ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም። ከአንድ አዛውንት ጋር ሆኜ በእሑድ ጠዋት የጸዳለና የግርማ አሳዳጊ ወደ ነበሩት አጎታቸው ወደ አቶ በቀለ ቤት ሄድሁ። ወጉን ለወጣቶች ልንገራቸው፤ የማያውቁት በዝተዋል። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲገባ አይቀመጥም። ተቀመጡ ይሉታል፤ «ቃላችንን ሳትሰሙ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ይላል። እህል ያቀርቡለታል፤ አይቀምስም። ቆሞ ይማጸናል፤ ቢመልሱት ተመልሶ ይመጣል። የሽማግሌ ኃይሉ እግሩና ጾሙ ነው።

ቆምን። ቃላችንን ተናገርን። ግርማ ያኔ ወጣት ነው፤ ከበሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አቶ በቀለ ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ ተክሌ፣ ልጁ የማን ልጅ ነው?»

«መምህር ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ አይጠጣም…»

«መምህርነቱን አልጠየቅሁዎትም። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። የእርስዎ እኅት ብትሆን ይሰጣሉ?»

እኅት ነበረችኝ። ጎንደር ያለች፣ ያላገባች። በዚያች ቅጽበት በሐሳቤ ከኦዲያምቦ ጎን አቆምኋት፤ አልቻልሁም። ምንም ምክንያት አልነበረኝም፤ ደጉንም፣ ትምህርቱንም፣ ሳቁንም አውቃለሁ፤ ግን አልቻልሁም። አንገቴን ደፋሁ። አቶ በቀለ ይህን ሲያዩ ድምፃቸው ለዘበ፤ «በሉ ተቀመጡ እንግዲህ፣ ዘመድ አይደለንም እንዴ» አሉ። ተቀመጥሁ። ቀይ ወጥ ቀረበ። በላሁ። አብሮኝ የሄደው አዛውንት መጀመሪያ እኔን አየ፣ ኋላም እርሱ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ለሰውየው ምን ብለን እንመልስለት?» አሉ አቶ በቀለ። «ክፉ ቃል መናገር ነውር ነው።»

«ሃይማኖት ይበሉት» አልሁ፣ እጄን እየታጠብሁ። «ሃይማኖታችን አይፈቅድም ይበሉት። ይህ ማንንም አያስቀይምም።»

ማንም አላዘዘኝም። ቃሉ የእኔ ነው። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

በማግስቱ ጸዳለ ከቢሮ ስትመለስ በሬ ላይ ቆመች። አልገባችም። «ጋሼ፣ ትናንት የበሉበትን ሰሐን ያጠብሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ምንም አልተረፈዎትም።» ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላኝ አታውቅም።

ለኦዲያምቦ የነገርሁት ከኮሌጁ ማዶ ባለች፣ የወተት ሻይና ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ዳቦ በሚሸጥባት የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ነው። ማንዳዚውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ሰማኝ።

«ሃይማኖት ብቻ?» አለ። «ሌላ የለም?»

«ሌላ የለም።»

ዐይኔን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቀ። «ታዲያ ይሄማ መንገድ አለው።»

ትምህርት ጀመረ። በደብራችን ከሚያስተምሩት ቄስ እግር ሥር አንድ ዓመት ሙሉ ተቀመጠ። የሐይቅ ዳር ሰው ዓሣ ሳይበላ መዋል ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ እርሱ ሁዳዴን በሙሉ ያለ ዓሣ ጾሞ፣ ፊቱ ገርጥቶ «ጌታ ራሱ ዓሣ አጥማጆችን መርጦ ዓሣ የሚከለክለው ለምንድን ነው፣ ፕሮፌሰር?» እያለ ይሞግተኝ ነበር። ተጠመቀ። በተጠመቀ በሳምንቱ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቢሮ ገባና «እንግዲህ ሂድልኝ» አለኝ።

ፈተና ደርሷል አልሁት። ቀጥሎ አሞኛል አልሁት። ቀጥሎ አቶ በቀለ ከከተማ ወጥተዋል አልሁት፤ አልወጡም ነበር። ሦስተኛውን ሰበብ ከሰማ በኋላ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። በዚያው ዓመት ጸዳለ ወደ ካናዳ ሄደች። ኦዲያምቦ ሥራውን ለቅቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጠረጴዛውን ያጸዳ ዕለት ፎቶውን ከግድግዳው አልነቀለውም፤ ካሴቶቹንና የማስተማሪያ ማስታወሻዎቹን በካርቶን አድርጎ ከወንበሬ ሥር ትቶልኝ ነው የሄደው። ርእሰ መምህሩም «ትምህርቱን ከመሐል የሚያቋርጥ አስተማሪ አጋጠመን፣ አንተ ጨርስልን» ብሎ ስለ ጥቁር ሕዝቦች የመብት ትግል የሚሰጠውን ኮርስ ለእኔ ሰጠኝ።

ያን የፎቶውን ሰው ያጠናሁት ላፈርሰው ነው። ይህን አልደብቅም። የረጅሙ ዝናብ ወራት ነበር፤ የክፍሌ ቆርቆሮ እየጮኸ ካሴቶቹን ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፣ ስሕተቶቹን በቀይ ቀለም እየለቀምሁ ጻፍሁ። ስሕተት ነበረው። በጅምላ የሚፈርድበት ጊዜ ነበረው፤ ዛሬም የማልቀበለው ብዙ ነው። ነገር ግን እርሱን ለመርታት ማስረጃ ፍለጋ ወደ ራሴ ወረቀቶች ስመለስ ያገኘሁትን አላሰብሁትም። ወጣት ሳለሁ ካታሎግ ያደረግኋቸው ብራናዎች ነበሩ። በኅዳጎቻቸው ላይ ያሉትን የመሬት ሽያጭ ማስታወሻዎች አንድ ሳላስቀር ገልብጫለሁ፤ ገዢውን፣ ሻጩን፣ ምስክሩን። ከእነሱ ጎን የሰው ሽያጭ ማስታወሻዎች ነበሩ። ወንድ፣ ሴት፣ ከነልጇ። እነዚያን አልገለበጥኋቸውም። በካታሎጌ ውስጥ «ልዩ ልዩ ማስታወሻ» ብዬ አልፌአቸዋለሁ። ማንም እንድደብቅ አልነገረኝም፤ ዐይኔ ራሱ ዘለላቸው። ባርነትና ዘር የሌሎች ችግር ነው እያልሁ ደረታቸውን የነፋሁላቸው ወጣቶች ትዝ አሉኝ። በልጅነታችን የጠቆረውን የጎረቤት ልጅ እንጠራበት የነበረው ስድብ ትዝ አለኝ፤ እናቱ እየሰማች። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሙሽራ የምንመርጥበት መሰላል ትዝ አለኝ። ያን መሰላል ነጭ አልሠራልንም።

ከሁሉ ይልቅ የበጠበጠኝ ግን የካሴቱ ሰው ንዴት አልነበረም። የቆመበትን ትምህርት፣ ስም ያገኘበትን ትምህርት፣ ከአገሩ ወጥቶ ሌላ ካየ በኋላ በሰዎች ፊት ተሳስቼ ነበር ብሎ መለወጡ ነው። ጓደኛ አጣበት፣ ጥላ አጣበት። እኔም በዚያ ዝናብ ተለወጥሁ። ግን በክፍሌ ውስጥ፣ በሬን ዘግቼ። ኮርሱን ለኬንያውያን ተማሪዎች በሚገባ አስተማርሁ፤ አጨበጨቡልኝ። እሑድ በደብሩ ዛፍ ሥር «ጥቁሮቹ» ሲባል ግን ዝም። ለወጣቶቹ የማደርገውን ንግግር ተውሁ፤ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ «ጉሮሮዬን ያመኛል» አልሁ። ለኦዲያምቦ ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድሁ። ዝምተኛ፣ ትሑት ሊቅ የሚል ስም አተረፍሁ። ፈሪ ነበርሁ፤ የሚጠራበት ሌላ ቃል የለውም።

በተቀጠረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ግርማ አፓርትመንት ሄድሁ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለ ነበር አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ሳሎኑ ውስጥ ግርማና እኔ በአንድ ወገን ተቀመጥን። የመክሊት እናት አስቴር ሳህን ታመላልሳለች። መክሊት ከኩሽናው በር ላይ ቆማ በስልኳ ታወራለች፤ ምናልባት ከታች መኪና ውስጥ ከሚጠብቀው ከሙቲንዳ ጋር ነው። «ዘና በል ባክህ፣ ገና አልጀመሩም፣ ሳዋ፣ እሺ?» ስትል ሰማኋት።

የልጁ አጎት ምዜ ሙቲሶ፣ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው፣ በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ የባቡር ሐዲድ ጡረተኛ ናቸው። ያን ሁሉ ደረጃ በከዘራ ወጥተው ሲገቡ ላብ አጥምቋቸዋል። ግርማ ወንበር አቀረበላቸው።

«አመሰግናለሁ» አሉ በስዋሂሊ። «በእናንተ ሥርዓት ግን ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም ብለውኛል። ጉልበቴ ክፉኛ ያመኛል፤ ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።»

መክሊት ሳቋን አፈነች። አንድ የካምባ ሽማግሌ፣ የማያውቀውን ወግ አክብሮ፣ በታመመ ጉልበቱ ፊቴ ቆሟል።

ልመናቸውን አቀረቡ። አጭር ነበር፤ ልጁን አሳድገዋል፣ ሠራተኛ ነው፣ ልጅቷን ይወዳታል። ግርማ ሰማና ወደ እኔ ዞረ። በአማርኛ «እንግዲህ ጋሼ ተክሌ፣ ከመጽሐፉ ይንገሯቸው» አለኝ።

ተነሣሁ። ሁሉም እንዲሰማ በስዋሂሊ ተናገርሁ።

«ምዜ፣ እኔ የተጠራሁት ምክንያት እንድፈልግ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ምክንያት የለም። ልጁ ከተጠመቀ ቤተ ክርስቲያን ትድራቸዋለች። እምቢ የሚሏችሁ ጥቁር ስለ ሆናችሁ ነው። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት በዚሁ ቤተሰብ አንድ ወዳጄን በዚሁ ምክንያት መልሰነዋል፤ ሃይማኖት ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ!» አለ ግርማ። «ምን ነካዎት? በቤቴ!»

በዚህ ዕድሜዬ የተናገርሁት ትልቁ እውነት ነው፤ ምድር የሚናወጥ መስሎኝ ነበር። ምዜ ሙቲሶ ግን ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩና በትዕግሥት አዩኝ።

«ይህን እናውቃለን» አሉ። «ናይሮቢ ከእናንተ ጋር ስንት ዘመን ኖርን? የአማርኛዋን ‹ጥቁር› የማያውቅ ጠባቂ፣ የማያውቅ ሹፌር፣ የማያውቅ የቤት ሠራተኛ አለ? ወዳጅህም ያውቅ ነበር። ሳያውቅ የቀረ እንዳይመስልህ።» ከዚያ ወደ ግርማ ዞሩ። «እኔ ምክንያት ልሰማ አልመጣሁም። ልጅ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። አዎን ነው ወይስ አይደለም?»

ቆሜ ቀረሁ። ኪዮስኩ ውስጥ ዐይኔን ለረጅም ጊዜ ያየውን ሰው አሰብሁ። ያውቅ ነበር። አንድ ዓመት የተማረው፣ ያን ሁዳዴ የጾመው፣ የተጠመቀው እያወቀ ነው። የምደበቅበትን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ምንም መደበቂያ ሳይኖረኝ እውነቱን በራሴ አፍ እንድናገር ዕድል ሲሰጠኝ ነበር። እኔ አሞኛል አልሁት።

«መልስልኝ፣ ልጄ» አሉ ምዜ ሙቲሶ ለግርማ።

ግርማ ምንጣፉን ያያል። «አባ፣ በላ» አለች መክሊት በአማርኛ። «አይ ከሆነ አይ በል። ግን አንተ በል። ጋሼን አትላክ፣ ቄሱን አትላክ። አንተ፣ ፊቴን አይተህ በል።» ከምንጣፉ ቀና አላለም። ምክንያት በሌለበት እምቢ ማለት ለካስ ይከብዳል።

የተናገረችው አስቴር ናት። የያዘችውን ትሪ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አኖረች።

«ቤሩት ሰው ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ» አለች። «ግርማ ያውቃል፤ ሌላ ሰው አያውቅም። ሴትዮዋ የምጠጣበትን ብርጭቆ ለብቻው ከመታጠቢያው ሥር አስቀምጣው ነበር። አንድ ቀን ሆድ ብሶኝ፣ እኔ ሐበሻ ነኝ፣ ጥቁር አይደለሁም አልኋት። ልጆቿን ጠራችና፣ እስኪ ድገሚላቸው አለችኝ። ደገምሁላቸው። እስኪያለቅሱ ሳቁ።»

«አስቴር፣ ተይ» አለ ግርማ።

«አልተውም። እዚህ ቤት ያን ብርጭቆ ለሰው የማስቀምጠው እኔ አይደለሁም፣ ልጄም አይደለችም።» ከዚያ በገበያ ስዋሂሊዋ፣ ሴት በማትመልስበት ወግ መካከል ገብታ፣ ለሽማግሌው መለሰች። «ምዜ፣ ሰጥተናል። አሁን ጉልበትዎን ያሳርፉ።»

ግርማ አልተቃወመም፤ እሺም አላለም። ተነሥቶ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ምግቡ ተበልቶ እስኪያልቅ አልተመለሰም።

ሠርጉ ከፍልሰታ በኋላ ነው። የኦዲያምቦን ስልክ ቁጥር ሙቲንዳ በሁለት ቀን ውስጥ አግኝቶልኛል፤ ሠላሳ ዓመት ያልቻልሁትን። ባለፈው ሐሙስ ደወልሁ። ወንድ ልጁ አነሣና አባቱ በሕይወት እንዳለ፣ ጆሮው ግን እንደ ደከመ፣ በስልክ እንደማይሰማ ነገረኝ። ማን ልበለው አለኝ። ስሜን ነገርሁትና ራሴ እመጣለሁ አልሁት፤ በሚቀጥለው ሰኞ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልጸልይም። ይህን የምታነቡ በዚህ ከተማ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሃይማኖት ብላችሁ የመለሳችኋቸው ሰዎች ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃሉ። የሸነገላችሁት ራሳችሁን ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ ግርማ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ አገኘኝ። አራት ሳምንት አላናገረኝም ነበር።

«አዋረዱኝ» አለ፣ ፊቴን ሳያይ።

«አዎን» አልሁት።

«ሠርጉ ላይ እንዳላይዎት።»

«አስቴር ጠርታኛለች» አልሁት።